ለመከዳ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ወደ ሽሮ ሜዳ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው ጎዳና የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲጠጋ፥ በግራም በቀኝም የተሰቀለው ሸማ ለመንገደኛው የበዓል ዋዜማ መስሎ ይታየዋል። ስፍራው ሽሮ ሜዳ ነው። ከዳገቱ በላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች፤ ከግርጌው ደግሞ ከጋሞ ደጋ፥ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ከነቤተ ሰባቸው ሰፍረው ይሸምናሉ። በአገራቸው ልማድ ሴቲቱ ትፈትላለች፥ ወንዱ ይሸምናል።

ወደዚያ የሚወጣው ሰው አብዛኛው ቀሚስና ነጠላ ፈላጊ ነው። እኔ የወጣሁት ለመከዳ ልብስ ነበር። መከዳ ማለቴ አባቶቻችን በመደብ ላይ ይደገፉት የነበረውን፥ ዛሬም በሶፋ ላይ የሚደረደረውን ነው። አንድ አረጋዊ ሸማኔ ከጉድጓዳቸው ቀና ብለው ጉዳዬን ከሰሙ በኋላ፥ «ለመቀመጫ ነው ወይስ ለመደገፊያ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፥ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት ሰው እንዲለብሳቸው እንጂ እንዲቀመጥባቸው አይደለም። ስስ ሸማ ጀርባ ለሚያርፍበት መከዳ ይበቃል። በየቀኑ ለሚቀመጡበት ግን ማጉ ስለሚላላ በዓመቱ ይሳሳል። ለመቀመጫ ወፍራሙ ቡልኮ፥ ወይም በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ይሻላል። ባና ይኮሰኩሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ነገር ግን በብርድ አገር የተቀመጠበት ሰው አያማርርም።

ስለ ጥለቱም ነገር አለኝ። በአንድ ሱቅ መካከሉ ላይ ትልቅ መስቀል የተሸመነበት፥ ተሰፍቶ ያለቀ የመቀመጫ ትራስ አይቻለሁ። ሥራው ያማረ ነው። ሆኖም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምንሳለመውን መስቀል እቤት ገብተን ልንቀመጥበት ነውን? ይህን ለሸማኔው ባነሣባቸው፥ «እኛ ያዘዙንን እንሠራለን፤ ገዢው መሥመር ወይም ጎን ለጎን የተያያዘ አልማዝ ቢለን ድካሙ ያው ነው፥ ዋጋውም አይጎድልብንም» አሉኝ። እንግዲህ ነገሩ በአዛዡ እጅ ነው።

ሸማኔዎቹን የሚጎዳቸው ሌላ ነው። ጥበብ መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ እጅግ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። መለየቱ አያስቸግርም፤ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የታተመው በጀርባው የደበዘዘ ነው። የተሸመነው ግን ክሩ ከድሩ ጋር ስለተዋሐደ በሁለቱም ፊት ይታያል። የታተመውን መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ የቸገረው ሊገዛው ይችላል። በጥበብ ዋጋ መግዛት ግን መታለል ነው፤ ሸማኔውም የብዙ ቀን ድካሙን ያጣል።

መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የሸማው ወርድ ከሸማኔው ክንድ ስፋት አያልፍም። ስለዚህ ለረጅም መከዳ ስፌቱ የት እንደሚውል አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ጨርቁ ሳይቆረጥ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፥ በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና። ቀዩንም ጥለት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት ነው፤ ቀለም ከለቀቀ ነጩን ሁሉ ያበላሻል። ካጠቡት በኋላ በጥላ ይሰጣ።

ውስጡን የሚሞላው ጥጥ ከሆነ ውሎ አድሮ ይጓጉላል፤ የድሮ እናቶች በየጊዜው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱትና በደጋን ነድፈው እንደገና ባዘቶ ያደርጉት ነበር። የበግ ጠጉር ሲጫኑት ተመልሶ ስለሚነሣ ከጥጥ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሲያረጅ ግን እንደ ዱቄት ይበናል። የመከዳው ልብስ በማንኛውም ቢሞላ በአንድ ጎኑ በቁልፍ ወይም በማሰሪያ የሚከፈት ሆኖ ይሰፋ፤ አለዚያ ለማጠብ በየጊዜው ስፌት መተርተር ሊመጣ ነው።