ሜዳ በሌለበት አገር መጋለብ

«ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው» ይላል ያገራችን ሰው፣ እችላለሁ ባይን ሲፈትን። ይህን አባባል የፈጠረው ሰው ዋግን የሚያውቅ አይመስለኝም። በሰቆጣ ዙሪያ ፈረስ አለ፤ ሜዳው ግን የተቆራረሰ ነው። ጥቂት ርምጃ ለጥ ብሎ ይሄድና በቦረቦር ይቋረጣል፤ ከቦረቦሩ ማዶ እንደገና ይቀጥልና ደግሞ ገደል ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ምድር መጋለብ የሚማር ሰው ሳይወድ በግድ መዝለልንም ይማራል።

ደጋው ይልቁንም የበቅሎ አገር ነው። በጥንቱ ሥርዓት መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በሰጋር በቅሎ ነበር፤ የጦር ፈረሳቸው ኮርቻ እንደተጫነ በአሽከር እየተሳበ ይከተላቸው ነበር። በቅሎዋ ለመንገድ፣ ፈረሱ ለጦር ሜዳ። ሰውየውም በፈረሱ ስም ይጠራል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በምዕራብ በኩል ያሉት የዋግ አገዎች ዘመዶች፣ የአዊ ሰዎች፣ ሜዳውም ተሰጥቷቸዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ያጌጠው ፈረስ ሁሉ የሚጋልብበት መስክ አያጣም። እዚህ ግን አንድ ፈረስ ለመሮጥ አፈሩን ራሱን መለመን አለበት።

በባንክ ሥራ ተመድቤ ወደ ሰቆጣ የመጣሁት በ2016 ዓ.ም.፣ ድርቅ ዋግን በመታበት ዓመት ነው። አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ዳማ ፈረሳቸውን ይጋልበው የነበረው የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግን ሲያዳርስ፣ ልጁ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የሞቱም የሕይወቱም ወሬ አልመጣም፤ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም። በድርቁ ላሞቻቸውን ሸጡ፤ ፈረሱን ግን ጭድ እየገዙ አቆዩት። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ሣሩ ሲያገግም ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ፈረስ ካልጋለበ ፈረስነቱን ይረሳል። እኔ ጉልበት የለኝም፤ አንተ ውጣበት» አሉኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ጫማ ማውለቅ ነበር። የድሮው እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት ስለሆነ የቢሮ ጫማ አያስተናግድም። ሶምሶማ ላይ ሳምንታት ቆየሁ። ሶምሶማ ሁለት ምት ነው፤ አጥንት ያናጋል። ደንገላሳ ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይመታና አራቱም ኮቴ መሬት የሚለቅባት አንዲት የዝምታ ቅጽበት ትከተላለች። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ቀለም ሄዶ ያርፋል፤ ሌላ ስድስት ሄዶ ቤት ይመታል። ሁለት የደንገላሳ ርምጃ አንድ ሐረግ ይሞላል። ይህን ስቆጥር ሰውነቴ ላላ፤ ወገቤም ከፈረሱ ጀርባ ጋር መሄድ ጀመረ።

ቦረቦሩ ግን ቆጠራን አይቀበልም። ስፋቱ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም፤ ከኮርቻ ላይ ሲታይ ግን ተከዜን ያህላል። አዛውንቱ ሦስት ነገር አዘዙኝ። ጉድጓዱን አትይ፤ ከማዶ ያለችውን ግራር እይ። ፈረሱ ሲነሣ ወደፊት ዘንበል በል። ከሁሉም በላይ ልጓሙን አትያዝበት፤ አንገቱን ይዘርጋ። የመጨረሻው ከባዱ ነው። ፈረስ ሲዘል ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነውና፣ ዛቡን ጨምድዶ የያዘ ሰው ራሱን የሚያድን እየመሰለው ፈረሱን ይጥለዋል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ቆጥሬ፣ ሳንቲም ሳላጎድል የማስረክብ ሰው ነኝ። እጄ የሚያውቀው መያዝን ነው፤ መልቀቅ የእጄ ሙያ አይደለም።

ሦስት ቀን እስከ አፋፉ እየወሰዱ ፈረሱንም እኔንም አለማመዱን። በአራተኛው ቀን ግራሯን አየሁ። ምቱን ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ዝምታዋ ረዘመች። እጆቼ ከጋማው ጋር ወደፊት ሄዱ። ማዶ ስናርፍ ምቱ ካቆመበት ቀጠለ።

ዞረን በቀጭኑ መንገድ ስንመለስ፣ አዛውንቱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። የሚመለከቱት እኔን አልነበረም። ቀርበው የፈረሱን አንገት ዳበሱና፣ «አልረሳም» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ነገ ደግሞ ሰፋ ወዳለው እንወስደዋለን።»