ሆድ ያልፈጀው

«ሆድ ይፍጀው» የሚለውን አባባል የተማርኩት ከእናቴ ነው። ካዛንቺስ ባደግንበት ግቢ የማይሰማ ነገር አልነበረም፤ የባልና የሚስት ጠብ፣ የተበላ ዕቁብ፣ ከቤት የጠፋ ልጅ። እናቴ ሁሉንም ትሰማለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ «ሆድ ይፍጀው» ትልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። እኔም ጨዋነት ማለት ይህ ነው ብዬ አደግሁ። ሆድ የማይፈጀው ነገር እንዳለ ያየሁት በቅርቡ፣ ደምበል አጠገብ ካለ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴን የሐሞት ጠጠር ሲያሰቃያት ከርሞ ከረጢቱ በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ተወሰነ። ዕድሜዋ 68 ነው፤ ስኳር ከያዛትም 20 ዓመት ሊሞላት ነው። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ስለነበረ፣ ከደምበል ጀርባ ከምኖርበት ቤት መጥታ አደረች። ልጅ ሳለን ጀምሮ «እትዬ» የምንላቸው የጥንት ጎረቤታችንም አብረዋት አደሩ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የግቢው ሰው ተበታትኖ እሳቸውም ከተማው ዳር ነው የደረሳቸው። ጓደኛቸው ኦፕራሲዮን ልታደርግ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሦስት ታክሲ ቀያይረው በምሽት ከች አሉ።

የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ»። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን የወጥ ቤቱ መብራት በርቶ አየሁና ተነሣሁ። እትዬ አጥሚት እያማሰሉ ነው። ስለ ስኳሯ ብለው ማሩን ትተውታል፤ ቅቤው ግን ቤቱን አውዶታል።

«አንተ ተኛ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይቺን የምታክል ሴት ባዶ ሆዷን ቢላ ሥር ልትገባ ነው? አጥሚት ደግሞ ምግብ ነው እንዴ!»

ተመልሼ ተኛሁ። ሆድ ይፍጀው።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ ገና ወጣት ናት። በአገራችን ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው፤ እሷም ከእነሱ አንዷ ነች። ካርዱን አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ከማታ ወዲህ የቀመሱት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለ፣ ልጄ!»

በእናቴ አልፈርድም። ለመቁረብ 18 ሰዓት የምትጾም ሴት «በልተሻል ወይ?» ስትባል «ገድፈሻል ወይ?» የተባለች ይመስላታል። ደግሞም ለእሷ አጥሚት ይጠጣል እንጂ አይበላም። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥሩ ጀመር። እኔስ? እኔ ጣሪያውን አየሁ። አፌን ብከፍት እናቴን በሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ።

ልጅቷ አልተከራከረችም። «ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ የጨጓራን ነርቭ ያደክማል፤ የገባው ነገር ቶሎ አይወርድም። እስኪ በዓይኔ ልየው» አለችና በጎማ የምትገፋ አልትራሳውንድ አስመጣች።

እናቴ ሳቀች። «በ68 ዓመቴ ምን ልታገኚብኝ ነው? ኧረ እሱስ ያለፈልኝ ነገር ነው!»

በእኛ አገር አልትራሳውንድ ሲባል የሚታሰበው ነፍሰ ጡር ነውና ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷም ስቃ ቀዝቃዛውን ቅባት ከደረት አጥንቷ ዝቅ ብላ ቀባቻት፤ ወደ ቀኝ ጎኗ እንድትዞርም አደረገች። በቀኝ ጎን ሲተኙ በጨጓራ ውስጥ ያለው ሁሉ በክብደቱ ወደ ታችኛው የጨጓራ ጫፍ ይወርዳል። ይህ ጫፍ ከጉበት ግራ ክፍል ሥር ስለሚገኝ ለመሣሪያው የተመቸ ነው። ባዶ ከሆነ ግድግዳው ተጣብቆ እንደ ተኳሽ ዒላማ ክብ ሆኖ ይታያል። ውኃ ካለበት ይነፋና ውስጡ ይጠቁራል። ምግብ ካለ ግን ጭጋግ የያዘው መስታወት ይመስላል።

የእናቴ ጭጋግ ነበር።

ልጅቷ ቀና ስትል ማንንም አላየችም። «ማን ሰጣት?» ብላም አልጠየቀችም። «ወፍራም ነገር አለ። ዛሬ አናስተኛትም፤ የሐሞቱ ነገር እስከ ነገ ይታገሣል» ብቻ አለች። እትዬ «እኔ ነኝ፣ እኔን ይድፋኝ!» ብለው እንባቸው መጣ። እኔ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ወደ ኮሪደሩ ተከትያት ወጣሁና አንድ ስኒ አጥሚት ምን ያህል እንደሚጎዳ ጠየቅኋት። መልሷን በአንድ የቤት ቃል ጀመረችው፤ በትንታ። ውኃ በተሳሳተ በኩል ሲገባብን ትን ይለንና እንስላለን። ያ ሳል ነው ሳንባችንን የሚጠብቀው። ሙሉ ማደንዘዣ ግን ሳሉንም አብሮ ያስተኛዋል፤ የጨጓራውን በርም ያላላዋል። በዚያ ሰዓት በሆድ ውስጥ ያለው ሽቅብ ቢመለስና ወደ ሳንባ ቢገባ፣ ሰውየው አይስልም፤ በዝምታ ይሰምጣል።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ ከ1932 እስከ 1945 በነበሩ 44,016 የነፍሰ ጡር እናቶች መዝገብ ውስጥ፣ 66ቱ በወሊድ ማደንዘዣ ወቅት የሆዳቸው ነገር ወደ ሳንባቸው እንደገባ ጻፈ። ሁለቱ ምግብ አየር ዘግቶባቸው ሞተዋል። ሜንደልሰን የጨጓራ አሲድ ሳንባን እንዴት እንደሚያቃጥልም በጥንቸሎች ላይ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ምንም እንዳትቀምስ» የሚለው ትእዛዝ በዓለም ሁሉ ጸና። ወደ ውስጥ የሚያይ ዓይን የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። የቶሮንቶዋ ሐኪም አናሂ ፔርላስና ባልደረቦቿ ከ2009 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች፣ በአልትራሳውንድ የጨጓራውን ጫፍ ስፋት ለክቶ ከዕድሜ ጋር በማስላት የፈሳሹን መጠን መገመት እንደሚቻል አሳዩ። በጾመ ሰው ሆድ ውስጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 1.5 ሚሊ ሊትር ጥሩ ፈሳሽ ቢገኝ የተለመደ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 90 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ሲኒ ቡና ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጠጣር ወይም ወፍራም ነገር ከታየ ግን ልኩ አይጠየቅም፤ ሆዱ ሙሉ ነው።

እትዬም ቢሆኑ የራሳቸው እውነት ነበራቸው። ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው የዛሬው መመሪያ እንደ ድሮው አይደለም። ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል፤ ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ቅባት ላለበት 8 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ» የሚባለው ለማስታወስ ስለሚቀል ነው። ተራው ከሰዓት በኋላ የሚደርሰው በሽተኛ በዚህ ቃል ግማሽ ቀን በውኃ ጥም ይነዳል። እትዬ ያዘኑት ለዚህ ረኃብ ነበር። ምክንያቱን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ድስቱን ባልጣዱት።

በዚያ ቀን እናቴን የጠበቃት መሣሪያው ነው ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። መሣሪያው ባለበት ሁሉ ሆድ ማየት የሠለጠነ ሰው አይገኝም፤ አጣዳፊ ኦፕራሲዮን ሲሆንም እስከ ነገ አይጠበቅም፤ ባለሙያው ሆዱን ሙሉ ነው ብሎ በጥንቃቄና በፍጥነት ያስተኛል። ይህን የሚያደርገው ግን ካወቀ ነው። እኔ አውቅ ነበር። እናቴ ወደዚያ በር ብትገፋ ኖሮ አብሯት የሚገባው የእኔ ዝምታ ነበር።

ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት። «እትዬ ሲያማስሉ አይቼ ነበር። ስትጠየቂ እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ።» ብዙ ቆየች። «እኔስ ያፈርኩት ለማን ብዬ ነው?» አለች በመጨረሻ።

በማግሥቱ ልጅቷ ገና ሳትጠይቅ እናቴ ቀድማ ተናገረች፤ «ማታ 1 ሰዓት ላይ ሩብ እንጀራ በሽሮ በልቻለሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ባልሽው ሰዓት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ። ሌላ የለም።» እንደ ንስሐ አንድ በአንድ ነበር የቆጠረችው። ልጅቷ ግን አሁንም ወደ ቀኝ አዙራ አየቻት። ስክሪኑ ላይ ትንሽ፣ ክብ፣ የተጨመደደ ነገር ታየ። «ይኸውልህ፣ ባዶ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ነቅታ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል። እትዬ ፔርሙዛቸውን ከዘንቢሉ አወጡ፤ ክዳኑን ሊከፍቱ ሲሉ ግን እጃቸው ቆመና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልስጣት እንዴ፣ ልጄ?»

«ገና ነው፣ እትዬ» አለቻቸው። «ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?»

እትዬ ፔርሙዙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለመስማት ተመቻቹ።