የአራስ ቤት ትምህርት

ሰው ለሚወለደው ልጁ ስም ለማውጣት ወራት ሲያስብ ይከርማል፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደሚያዝ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ የሚማር ጥቂት ነው። እኛም ከብዙዎቹ መካከል ነበርን። የሥነ ሕይወት አስተማሪ እንደ መሆናችን የጉበትን ሥራ በሰሌዳ ላይ እየሣልን ለብዙ ዓመታት አስተምረናል፤ ነገር ግን የገዛ ልጃችን ጉበት ሥራው ከብዶት ልጁ በታመመ ጊዜ ምልክቱ ከፊታችን ተጋድሞ ሳለ ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ዕውቀታችን ሳይሆን ዝምታችን ነው።

ቤታችን በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና አካባቢ ነው። ሰፈራችን ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞውና አማራው ተጎራብቶ የሚኖርበት ስለሆነ፣ አራስ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የየአገሩን ገንፎና የየአገሩን ምክር ይዞ ይገባል። አንደኛዋ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል፣ ሌላይቱ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትቀመጣለች፤ አንዲቱ የክርስትናውን ቀን ስትቆጥር፣ ሌላይቱ የሰባተኛውን ቀን ዐቂቃ ታነሣለች። ልጃችን የተወለደው በሐምሌ ወር በጤና ጣቢያ ሲሆን፣ አንድ ቀን ከእናቱ ጋር በዚያው ቆይቶ ወደ ቤት ሲገባ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይጥል ነበር።

የአራስ ቤት ልማዳችን በብዙ ነገሩ የሚያስመሰግን መሆኑን አስቀድመን መናገር ይገባናል። እናቲቱ ከሥራ ታርፋለች፤ አጥሚቱና ገንፎው ሳይቋረጥ ይቀርብላታል፤ ብቻዋን የምትተውበትም ሰዓት የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ አሮጊቶቻችን «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» ማለታቸው እውነተኛ ዕውቀት ነው። አራስ ሕፃን ሙቀቱን ጠብቆ ለመቆየት የሚያስችል አቅም ገና የለውምና።

ከምክሩ ጋር ተደባልቀው የሚመጡ ጎጂ ነገሮች ግን አሉ። ሕፃኑ ገና እንደ ተወለደ ቅቤ ይላስ የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ ማለት እንገሩን፣ ቆሻሻ ነው ብለው አልበው የሚያስደፉ አሉ፤ እርሱ ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ክትባቱ ያህል ስለሆነ፣ ጡት በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ገላውንም ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ ማጠብ አይገባም። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር መቀባት ለመርዝ በር መክፈት ነው፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ቢተው በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ቤት ለማሞቅ ተብሎ በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰልም እናትና ልጅን በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ የሚችል ጠላት ነው። እነዚህን ሁሉ በጤና ጣቢያ ስለ ተነገረን በትሕትና እምቢ ብለን አልፈናቸው ነበር። የተፈተንነው ባልጠበቅነው ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የሰጠው የወሊድ ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ሦስተኛው ቀናችን በደረሰ ጊዜ፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲያለቅስ ይነጋበት የነበረው ልጅ ከጧት ጀምሮ ዝም ብሎ ተኛ። ቤቱም ደስ አለው። «እንቅልፋም ልጅ ጤነኛ ነው» አሉ ጠያቂዎቹ። ባለቤታችን ጡቷን ስታቀርብለት ጥቂት ስቦ ይተወዋል፤ የዐይኑም ነጭ ቢጫ መሰለን። «መልኩ አልተለወጠም እንዴ?» ብለን ብንጠይቅ፣ አንዲት ጎረቤት «የአራስ ልጅ መልክ ይለዋወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ይሙቅ» አሉን።

እማማ እያልን የምንጠራቸው የባለቤታችን እናት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ስምንት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። በእርሳቸው ፊት «ልጁን ሐኪም ይየው» ማለት ዕውቀታቸውን መናቅ መስሎ ታየን። በዚህም ላይ አራስ ከቤት አትወጣም የሚለው ልማድ አለ። ስለዚህ ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን። እማማም ዝም ብለው ሕፃኑን ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቀጠናችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጃንጥላዋን በራፍ ላይ አቁማ ገባች። ወዲያው የጠየቀችው፣ «ከጧት ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠባ? ስንት ጊዜስ ሸና?» የሚል ነበር። በቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ከአምስታችን አንዱ እንኳ መልስ አልነበረውም። የጠያቂ ብዛት፣ የገንፎ ብዛት ቈጥረናል፤ የልጁን መጥባት የቈጠረ ግን አልነበረም። እርሷም እጇን ታጥባ ሕፃኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው፤ የደረቱን ቆዳ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ከዚያም ካልሲውን አውልቃ የውስጥ እግሩን አሳየችን። ቢጫ ነበር። «ይህ ልጅ ዛሬውኑ መታየት አለበት፤ ለነገ አይባልም» አለች።

ይቃወማሉ ብለን የፈራናቸው እማማ ከሁላችን ቀድመው ነጠላቸውን አንሥተው ቆሙ። «ተነሡ እንጂ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ።

ሐኪሙ የነገረን ነገር እኛ በክፍል ውስጥ ስናስተምረው የኖርነው ነው። የሕፃኑ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበት ይህን አጣርቶ በዐይነ ምድር በኩል ያስወግደዋል። የአራስ ጉበት ግን ገና ለጋ ስለሆነ ሥራው ይከብደዋል፤ ስለዚህ ብዙ ሕፃናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጥቂት ቢጫ ይሆኑና ይተዋቸዋል። ነገር ግን ቢጫነቱ ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም እስከ መዳፍና እስከ ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ወይም ሕፃኑ መጥባት ከተወ ነገሩ ከባድ ነው፤ መርዙ ወደ አንጎል ቢዘልቅ የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ፣ አካልን ሊያሰናክል፣ ሊገድልም ይችላል። ልጃችን ዐይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ገላው ተራቁቶ፣ በሰማያዊ ብርሃን ሥር ሁለት ሌሊት አደረ፤ እናቱም በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ እያነቃች ታጠባው ነበር።

የፀሐዩ ምክር ከየት እንደ መጣ ብንመረምር፣ ፈጽሞ ከንቱ አለመሆኑን እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትጠብቅ የነበረች ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ሕፃናቱን ወደ ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ገልጣ ስታሳይ፣ ብርሃን ያገኘው ገላው ቢጫነቱ ደብዝዞ፣ በአንሶላ የተሸፈነው ክፍል ብቻ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ይህን ተከትለው መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በመብራት የሚሰጠውን ሕክምና በጽሑፍ አስታወቁ። እንግዲህ አሮጊቶቻችን ያዩት እውነት አለው፤ ነገር ግን ለጠና ሕመም የደጃፍ ፀሐይ አይበቃም፤ ይልቁንም በሐምሌ ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ ሕይወትን ያሳጣል።

በሁለተኛው ሌሊት በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእማማ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ሳንጠይቃቸው ተናገሩ። «ስምንት አሳደገች ይሉኛል፤ የወለድኩት ግን ዘጠኝ ነው። አንዱ እንዲሁ ዝም ብሎ ተኝቶ ነው የቀረብኝ። ያኔም እንቅልፋም ልጅ ነው ብለውኝ ነበር። ትላንት ልጁ ሲተኛ ልቤ ፈርቶ ነበር።» «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ «እናንተ የተማራችሁት ዝም ስትሉ ምንም የለም ማለት ነው ብዬ ነዋ፤ አላዋቂ አሮጊት እንዳልባል» ሲሉ መለሱልን። እኛ እርሳቸውን አፍረን፣ እርሳቸውም እኛን አፍረው፣ በሁለታችን ይሉኝታ መካከል ተኝቶ የነበረው ሕፃኑ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህም 49ኙ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት 166 የነበረው ወደ 67፣ 49 የነበረው ወደ 29 ወረደ። ሁለቱም ቀንሰዋል፤ ነገር ግን የትልልቆቹ ሞት በፍጥነት ሲወርድ የአራሶቹ ወደ ኋላ ቀርቷል። ክትባቱና መድኃኒቱ ለሌላው ዕድሜ ብዙ ሲረዳ፣ የመጀመሪያው ወር አሁንም በቤት ውስጥ ባለው ሰው ዐይን የሚጠበቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚቀበሉ ወላጆች የምንለው ይህ ነው። ቈጥሩ። ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፤ ወተቱ በሚገባ ከመጣ በኋላ፣ ማለት ከአምስተኛው ቀን ወዲህ፣ በቀን 6 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሽንት ቢሸና ጠግቧል ማለት ነው። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። በጀርባው አስተኙት፤ የሚነካው ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ፣ ሐኪሞች እንደሚያሳዩት በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ ይዋል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ተጀምሮ ወደ እኛም ዘንድ የደረሰ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዲህ ከታቀፉት ዘንድ ሞት ማነሱን አሳይቷል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል የደም መፍሰስና መመረዝ ከማምጣት በቀር የሚያድኑት በሽታ የለም።

ተመልከቱም። መጥባት ከተወ፣ ካልቀሰቀሱት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ዝናብም ይጣል፣ እንግዳም ይቀመጥ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን የፈራችሁትን ተናገሩ። ሐኪም ቤት ደርሶ በደኅና መመለስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጃችን ዛሬ ድኖ፣ ቤቱን በጩኸቱ ሲያናውጥ ይውላል። እማማም ጠዋት ሲመጡ ገና ከበራፍ ሆነው ሰላምታ ሳይሰጡ፣ «ስንት ጊዜ ጠባ?» ብለው ይጠይቁናል፤ እኛም አሁን ቍጥሩን እንነግራቸዋለን።