ስለ ምትክ ቫልቭ

አባቴ፥ ነፍሳቸውን ይማር፥ ካወረሱን ዕቃ ሁሉ ይልቅ እናቴ የሚወዱት አንድ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ነው። ስሙ ኳድ ሁለት ይባላል፤ ይህ ዓይነት መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1953 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሐንቲንግደን ከተማ ይሠራ የነበረ፥ ኃይሉም 15 ዋት ነው። እናቴ እሑድ እሑድ ማታ በቴፕ ክር የቀረውን የአባቴን ድምፅ በእርሱ ይሰማሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ድምፁ ሻከረ። ቀርቤ ባየው ድምፁን ከሚያጐሉት ከሁለቱ ታላላቅ ቫልቮች የአንዱ የውስጥ ብረት እንደ ፍም ቀልቶ ነበርና ፈጥኜ አጠፋሁት።

የቫልቮቹ ስም ኬቲ 66 ነው። ምትክ ልገዛ ብሄድ አንድ ነጋዴ ኬቲ 88 የሚባለውን አቀረበልኝ፤ «ይህ ይበልጣል፤ እግሩም ስምንት ስለ ሆነ ልክ ይገባል» አለኝ። እኔም ትልቅነቱን አይቼ ገንዘቤን ልቈጥር ስል፥ በዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት የሬዲዮ ጠጋኝ፥ «መምህር፥ መግባቱን ብቻ አይመልከቱ፤ የሚጠጣውን ይመልከቱ» አሉኝ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ኬቲ 66 ለማሞቂያው 1.27 አምፔር ሲወስድ ኬቲ 88 1.6 ይወስዳል፤ የሁለቱ ትርፍ ሲደመር ያረጀውን ትራንስፎርመር ያግለዋል።

እኒህ ሰው መሣሪያውን ከፍተው አስቀድመው የመቅላቱን ምክንያት ፈለጉ። ቀጥታውን ኤሌክትሪክ ማገድ የሚገባው አንድ አሮጌ ካፓሲተር ያሾልክ ኖሯል፤ እርሱ ሳይለወጥ አዲስ ቫልቭ ቢገባ ያም በቀላ ነበር።

የቀረው ጭንቅ የእኔ ነበረ። ያልተበላሸው ሁለተኛው ቫልቭ አባቴ በእጃቸው ያስገቡት ስለ ሆነ በቦታው እንዲቀር ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን ሁለቱ በአንድ የ180 ኦም ረዚስተር የተጠመዱ መሆናቸውን አሳዩኝ። ደካማና ብርቱ በሬ አብረው ሲጠመዱ ሸክሙ በብርቱው ላይ እንደሚወድቅ፥ አሮጌው ያልሳበውን አዲሱ ይስባል፤ ልዩነቱም በድምፅ ማውጫው ትራንስፎርመር ብረት ላይ ማግኔት ሆኖ ወፍራሙን ድምፅ ያቀጥነዋል። ከእንግሊዝ የቀረ ያልተነካ ቫልቭ ዋጋው ውድ ነው፤ የመስታወቱም ጽሕፈት ተፍቆ በሌላ ስም የሚሸጥ አለ። ስለዚህ ዛሬ በስሎቫኪያ ከሚሠሩት ኬቲ 66 መካከል በመለኪያ እየፈተኑ፥ የሚስቡት ኤሌክትሪክ እኩል የሆነውን ሁለቱን መረጡልኝ።

የአባቴን ቫልቭ በጥጥ ጠቅልዬ በሣጥን አኖርሁት። እሑድ ማታ ክሩ ሲዞር እናቴ ጥቂት አዳምጠው፥ «ዛሬስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው» አሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ምትክ ስትሻ የሚበልጠውን ሳይሆን ቦታው የሚችለውን ፈልግ፤ ይልቁንም የቀደመው ስለ ምን እንደ ጠፋ አስቀድመህ መርምር።