ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት

ባዶ ጀሪካን፣ ቆርኪና ቁራጭ ሽቦ ለቆራሌው ከማስረከባችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጠይቁ። (ስለታም ቆርቆሮና የመድኃኒት ዕቃ ግን ይሂድ!)

እኛ ከተማሪዎቻችን ጋር ይህንኑ ሰብስበን የሽቦ መኪና ስንሠራ የአንዷ ልጅ መኪና አነከሰች። ጎማዎቹን ከጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጣ ስትበሳቸው ቀዳዳው መሐል ላይ አልዋለም። ደጋግማ ሞክራ ስላልሆነላት መኪናዋን ልትጥላት ደረሰች። አባቷም «ከምታለቅስ ከመርካቶ እገዛላታለሁ» አሉን። ጥቂት ቀን እንዲታገሡን ለመንናቸው። መሐሉን አለማሳየቱ ለእኛም ቀላል አልነበረም፤ መምህር ዝም ማለት መች ይችላል!

በሦስተኛው ቀን ጎማውን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች። የወረቀቱን ክብ ቆርጣ፣ ዳርና ዳሩን አጋጥማ ለሁለት አጠፈችው፤ ዘርግታም በሌላ አቅጣጫ ደገመችው። ሁለቱ እጥፋቶች የተሻገሩበት ነጥብ መሐሉ ሆኖ ተገኘ። ማንም አላስተማራትም፤ ይህ ትምህርት ገና በላይኛው ክፍል ይጠብቃት ነበር።

ወረቀቱን በአዲስ ጎማ ላይ አድርጋ በሚስማር በሳችው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ማሻአላህ! አባቷ አሁን በየሳምንቱ ቆርኪ ቋጥረው ይመጡልናል።