ለገጹ የሰጠነው ከእጃችን ወጥቷል

ዘንድሮ ተማሪዎቻችን የውጤት መግለጫ ድረ ገጽ ሲሠሩ እኛም አብረን ተማርን። ሰርቨሩ መረጃውን ከመዝገብ አውጥቶ ቴምፕሌት በሚባለው የገጽ ቅጽ ውስጥ ይሞላል፤ በወላጅ ስልክ ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ደግሞ ያንኑ አንብቦ ያሳያል።

በዚህ ርክክብ ላይ ሁለት ነገር ልብ አልን። አንደኛው፣ ንጋንጋ የሚለው የኬንያ ስም በላቲን ሲጻፍ ሁለት ቦታ አፖስትሮፍ አለው። ስሙ እንዳለ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከገባ፣ ስክሪፕቱ ስሙ እዚያው ያለቀ መስሎት ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ መረጃው እንዲሁ አይለጠፍም፤ በቋንቋው መለወጫ ወደ ጄሰን ተቀይሮ ይላካል።

ሁለተኛው ይከብዳል። በገጹ ላይ የማይታይ መረጃ እንኳ ቢሆን፣ የገጹን ምንጭ ኮድ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ከቤተሰቦቻችን መካከል ስልካቸውና አድራሻቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግም ለልጆች መረጃ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለስክሪፕቱ የሚያስፈልገውን ስምና ውጤት ብቻ እንሰጠዋለን፤ የቀረው ከሰርቨሩ አይወጣም።

ልጆቻችን፣ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶች ቃል ለኮድም ይሠራል። የሰው አደራ ይዛችሁ ስትጽፉ አስታውሱት።