ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ፦ የሌሊቱን ሌባ ፍለጋ

አየር ጤና ለጡረተኛ ነርስ የሚስማማ ስም ያለው ሰፈር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የገዛት ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ዛሬም ከግቢያችን አልጠፋችም። ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሳለች፤ ምጥ የያዛቸውን የጎረቤት ሴቶች ሆስፒታል አድርሳለች። ሌሊት በራችን ሲንኳኳ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ መኪናዋ አለች?»

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ይኸው ድምፅ ተሰማ። የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ አስሙ ተነስቶበት ትንፋሽ አጥሮታል። ቁልፉን ሳዞረው መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ቀረች። የሰፈር ጎረምሶች ተጠራርተው በዝናብ ገፏት፤ ቁልቁለቱ ረድቶን ተነሳች። አንደኛው ከኋላ ሆኖ «ሲስተር፣ ፍሬኑን ይልቀቁ!» እያለ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። እግሬ ፍሬን ላይ አልነበረም፤ ግን በዚያ ጭንቅ መሐል ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ በሰዓቱ ደረሰ። ኦክስጅንና የሚሳበው መድኃኒት ተሰጥቶት ሲነጋ ዳቦ ጠየቀ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ «ባትሪው አልቋል» አለኝ፤ አዲስ ገዛሁ። አንድ ሌሊት አድራ እንደገና ሞተች። «እንግዲያው ዲናሞው ነው» ተባለ፤ እሱም ተቀየረ። ጠዋት አሁንም ዝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ በቁጥር 10 ቁልፍ እየፈታሁ መተኛት ጀመርኩ። ይህ ግን በሽታውን ሳያውቁ ለትኩሳት ብቻ ማስታገሻ እንደ መስጠት ነው። ሌሊት በር ቢንኳኳ በጨለማ ገመድ ሳጠብቅ ልገኝ ነው? «ይሽጧትና ይገላገሉ» ያሉኝም ነበሩ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያለችንን መንከባከብ ነው እንጂ፣ በጡረታ ገንዘብ ሌላ አይታሰብም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ኮልፌ ተነሳሁ። አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እዚያ እንዳሉ ተጠቁሜ ነበር። ዘነበወርቅ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተውን አለርትን ስናልፍ የሥጋ ደዌን ነገር ለልጁ ነገርኩት። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፤ እግር ቢቆስል እንኳ ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ ታማሚው መዳፉንና ውስጥ እግሩን በየቀኑ በዓይኑ እንዲያይ ይመከራል። ከአያት የሚነሳው የከተማ ባቡር የሚያበቃበትን ጦር ኃይሎችን አልፈን በቀለበት መንገዱ ወደ 18 ስንሄድ፣ ከኋላዬ ያለ ሚኒባስ ጥሩምባውን አላቋርጥ አለ። የታክሲ ችኮላ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩለት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው ስለው ልጁ አላመነኝም። አጠና ተራ ስንደርስ የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀበለን።

ባለሙያው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መኪናዋን ሳይነኩ አስቀድመው ጠየቁኝ። መቼ ጀመራት? ስንት ሰዓት ስትቆም ነው የምትሞተው? እኛ ታማሚ እንደምንጠይቀው ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ሲለኩት ቴስተሩ 14 ቮልት አሳየ። «ይሞላል፤ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ሌሊት የሚበላ ነገር አለ» አሉ። ሞተሩን አጥፍተው በሮቹን ዘጉ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ቴስተሩን በመሐል አስገቡት። 3.5 አምፔር! «ለቆመች መኪና ከ0.05 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ይህ በ12 ሰዓት 42 ይበላል፤ የርስዎ ባትሪ ደግሞ 45 ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። የሬዲዮው ተነቀለ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። የውስጥ መብራቱም እንዲሁ። የፍሬን መብራቱ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። መልሰው ሲሰኩት የልጅ ልጄ ከኋላ ጮኸ፦ «አያቴ፣ ቀዩ መብራት በራ!»

ፔዳሉ ሥር ጎንበስ ብለው አሳዩኝ። ፔዳሉ ወደ ቦታው ሲመለስ የመብራቱን ማጥፊያ የሚጫነው፣ ከባቄላ የማይበልጥ ማረፊያ አርጅቶ ተፈርፍሯል። ስለዚህ ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ሁለቱ ባለ 21 ዋት አምፖሎች ቀን ከሌት ሲበሩ ከርመዋል። እኔ ኋላዋን ከግንቡ አስጠግቼ በሸራ ስለምሸፍናት አላየሁም። ጎረምሳው ግን አይቶ ነግሮኝ ነበር፤ ሚኒባሱም እንዲሁ።

ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው ሌላ ማረፊያ ሠሩልኝ። የከፈልኩት ከባትሪውና ከዲናሞው ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሮጌ መኪና ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት «በቴስተር ለኩልኝ» በሉ። ማታ ስታቆሙም አንዱን ልጅ ከኋላ ዞሮ እንዲያይ ላኩት። ደጋግሞ ባዶ የሚሆን ባትሪ፣ አዲስም ቢሆን ዕድሜው ያጥራል።

በጥቅምት አንድ ሌሊት በራችን እንደገና ተንኳኳ፤ ምጥ ነበር። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። የልጅ ልጄ በፒጃማው ወጥቶ ከኋላዋ ቆመና «ጠፍቷል አያቴ፣ ሂጂ!» አለኝ።